እርስዎማ ተቋቁመዋል

እትዬ መርፌ ይሏታል የሰፈሩ ሰዎች፤ ግማሹ ለሙያዋ፣ ግማሹ ለምላሷ። ወንዝ ዳር ባለች ባለሁለት ክፍል ቤቷ፣ በፊተኛው የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ በኋለኛው ከወገቡ በታች አልታዘዝ ያለው ባሏ ይተኛል። ድሮ ወንዙ የሚሞላው አልፎ አልፎ ነበር። አሁን ክረምት በመጣ ቁጥር ሳያንኳኳ ይገባል። ሰማዩን ያበላሸው ሌላ፣ ጭቃ የሚዝቀው ሌላ!

ካለፈው ጎርፍ በኋላ «የአየር ንብረት ለውጥ መቋቋሚያ» የሚባል ገንዘብ ከባሕር ማዶ መጣ ተባለ። ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተጎዳውን ይመርጣሉ፤ ለተመረጠው በወንዙ በኩል የድንጋይ ግንብ ይሠራለታል። እትዬ መርፌ ደስታዋን አልቻለችውም። ግንቡ ካለ ዝናብ ባጉረመረመ ቁጥር ሥራዋን ጥላ ወደ ባሏ አትሮጥም።

ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቤቱን አጸዳች። ጭቃውን ዝቃ አወጣች፤ ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን ምልክት በኖራ ለቀለቀችው፤ ከጎረቤት ወንበር ተዋሰች።

«አንቺ ሴት፣ ተዪው እንጂ! ጭቃው ራሱ ይመስክርልን» አላት ባሏ።

«እንግዳ በጭቃ ልቀበል? ገመናዬን አደባባይ አላሰጣም!»

ባለሙያዎቹ መጡ፤ ተቀመጡ። «ውሃው እስከዚህ ደርሶ ነበር» እያለች በእጇ ኖራውን አሳየቻቸው። ወጣቱ ባለሙያ ነጩን ግድግዳ አይቶ ፈገግ አለ።

«የሚገርም ነው እናቴ፤ እርስዎማ ተቋቁመዋል!»

ምርቃት መስሏት አመሰገነችው።

ግንቡ ጭቃቸውን ላልነኩት ጎረቤቶቿ ተሠራ፤ ከላይም፣ ከታችም፣ ከማዶም። የእሷ በር ብቻ ክፍት ቀረ። ለምን ብላ ብትጠይቅ «የተቋቋመ አይመለከተውም» አሏት። ቀሪው ገንዘብ ለሥልጠና ነበርና፣ ሐምሌ ላይ አዳራሽ ጠርተዋት «እንዴት እንደተቋቋሙ ለሌሎች ያስረዱ» ብለው ማይክሮፎን አስያዟት።

አፏን ከመክፈቷ የአዳራሹ ቆርቆሮ መንጫጫት ጀመረ። ዝናብ!

«ቤቴ... ቤት ውስጥ የማይነሳ ሰው አለኝ» አለች። ማይክሮፎኑን ወጣቱ እጅ ላይ ጥላ ሮጠች። ተሰብሳቢው ምስክርነቱ ያለቀ መስሎት አጨበጨበላት።

ግንቦቹ የመለሱት ውሃ ሁሉ መሄጃ ያገኘው በእሷ በር ነው። ወገቧ የደረሰውን ውሃ እየገፋች ገባች። የስፌት መኪናዋ ሰምጧል። ባሏን ጎረቤቶች ተሸክመው ጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ አውጥተውታል፤ እግሩን ራሱ ማጠፍ ስለማይችል ከጠረጴዛው ተርፎ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሏል። ብርድ ጥርሱን እያንገጫገጨው አያት፤ ሊያሾፍም ሞከረ።

«እንኳንም ገና አላጸዳሽ። አሁን ባለሙያዎቹን ጥሪያቸው።»

እግሩን ከውሃው አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ማንን ትጠራለች? የዘንድሮው ገንዘብ ማለቁን ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ተናግረዋል፤ እሷም ከሰዉ ጋር አጨብጭባለች።