የዝናሽ ሳጥን ክዳን

ዘሥላሴ ሚስቱ ዝናሽ ከሞተች ወዲህ አላለቀሰም። ለቅሶ የመጡት ሰዎች «ጠንካራ ነው» ብለው ሄዱ። ምኑን አይተው ነው? እኔን ይጠይቁኝ፤ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ አብረን አናጺዎች ነን። ሰውዬው ደንዝዞ ነበር። ምሳ ስሰጠው ይበላል፤ ካልሰጠሁት ዝም ይላል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እንጨት ሲመርጥማ ያበሳጫል። በጣቱ ያንኳኳል፣ ያሸታል፣ ቫርኒሽ ሲቀባ የሚያወጣውን ቀለም ለማየት በምራቁ ያረጥባል። «ምነው፣ ልታገባው ነው እንዴ?» እለው ነበር።

ጋሼ ማኅደረማርያም ከአንኮበር የአባታቸውን ግራማፎን ለማስጠገን ይዘው መጡ። ማሽኑ ደህና ነው። ሳጥኑን ግን ምስጥ በልቶታል፤ ላዩ ላይ የተለበጠው ስስ እንጨትም ተላጧል። ለዚህ የከረመ ዋንዛ ያስፈልጋል፤ ያልደረቀ እንጨት በኛ አገር ነፋስ ይሰነጠቃል። ደነባ ድረስ ሄጄ ጣውላ አመጣሁ። ዘሥላሴ አላንኳኳ፣ አላሸተተ፤ አየት አድርጎ «እርጥብ ነው» አለና ወጣ።

ሲመለስ የዝናሽን የልብስ ሳጥን ክዳን በብብቱ ይዟል። ሲጋቡ በገዛ እጁ የሠራላት ሳጥን ነው፤ ከሞተች ጀምሮ ማንም አልከፈተውም።

«አንተ ሰው፣ አብደሃል?» አልኩት።

«ደርቋል። አይሰነጠቅም።»

«የዝናሽ እኮ ነው።»

«እንጨት ነው፣ ታደለ።»

ልይዘው ስል መጋዙን አስነሳው። ክዳኑ ግማሽ ድረስ ሲቆረጥ እንጨቱ ሞቀና ሸተተ። አሪቲ ነው። ዝናሽ በነጠላዋ እጥፋት መሀል የምታስቀምጠው አሪቲ፣ ስንት ዓመት እንጨቱ ውስጥ ሲገባ ኖሯል። እኔ እንኳ በሩ ላይ የቆመች መስሎኝ ዞርኩ።

ዘሥላሴ መጋዙን አጠፋ። ብናኙን በእፍኙ ሰብስቦ አፍንጫው ላይ ያዘና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አንጀቴን በላው።

«ሳጥኑን ክፍት ትቼው መጣሁ» አለኝ ቆይቶ። «ሽታው ይወጣል?»

አናጺ አይደለሁ እንዴ? እንደሚወጣ አውቃለሁ። እሱም ያውቃል።

«ኧረ አይወጣም» አልኩት።

ተነስቶ ወደ ቤቱ ሮጠ። ተከትዬው ስደርስ ብርድ ልብሱን ከአልጋው ገፎ ሳጥኑ ላይ ደርቦበት፣ ጠርዝ ጠርዙን ወደ ውስጥ እየጠቀጠቀ ነበር። እሱ በዚያ ብርድ ምን ለብሶ እንደሚተኛ አልጠየቅኩትም።