በትንሿ ሳህን የበላሁባቸው ሳምንታት

በእኛ አገር «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነው። እኔም ስወፍር ሰዉ ሁሉ «ተመስገን፣ አምሮብሻል» ይለኝ ነበር፤ እኔም ተመስገን እል ነበር። ላሊበላ ላይ ሆቴሎች በየኮረብታው መሠራት ከጀመሩ ወዲህ ከአንዱ ደጃፍ ተቀምጬ የጥልፍ ልብስ እሸጥ ነበር። ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ መቀመጥ ነው። ልጆቼ ጠግበው ስለሚያድሩ በኑሮዬ አማርሬ አላውቅም። ያማረርኩት ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉት ወደ ታች ነው። ደረጃውን መውረድ፣ ጠባቡን መተላለፊያ ጎንበስ ብሎ ማለፍ ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከላይ፣ ከድንጋዩ ጠርዝ ቆሜ አስቀደስኩ። ጠበሉ በሰው እጅ ይመጣልኝ ነበር።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ልጅ እግር ናት። ሚዛኑ ላይ አቆመችኝና ራሷን ነቀነቀች።

«እናቴ፣ ጉልበትዎ ምን ያድርግ? ሸክሙ በዛበት» አለችኝ። «የሚበሉትን ሁሉ ይጻፉ። አንድ ጉርሻም ብትሆን። በየሳምንቱ ደብተሩን ይዘው ይምጡ።»

«ከአንድ ትሪ እየተበላ የእኔ ስንት እንደ ሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ለብቻዎ ያቅርቡ። በትንሽ ሳህን።»

ለእሷ ቀላል ነበር። በእኛ ቤት ለብቻው የሚበላ ወይ የታመመ ነው ወይ የተጣላ ነው።

ቤት ውስጥ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼና አማቴ ነበሩ። አማቴ ከገነተ ማርያም አካባቢ ወደ እኛ የመጡት ከሳንባ በሽታ ከዳኑ በኋላ ነው። ታመው ሳለ ሐኪሙ ዕቃቸው ለብቻ ይሁን ብሎ ነበር፤ ከዳኑ በኋላም ዘመዶቻቸው ከማዕዳቸው አልቀላቀሏቸውም። የመጡ ቀን ለብቻቸው ይበሉባት የነበረችውን ትንሽ የብረት ሳህን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋት ነበር። ተቀበልኳቸውና ከመደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጥኳት። «እዚህ ቤት ማዕዱ አንድ ነው» አልኳቸው። አጎረስኳቸው፤ አጎረሱኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ» ይሉኝ ነበር እንጂ «የልጄ ሚስት» ብለውኝ አያውቁም።

የነቢያት ጾም ሲገባ ጀመርኩ። ለገና ወርጄ ከታች ላስቀድስ ተስዬ ነበር። ከቤት ትንሽ ሳህን የነበረችው አንዲት ብቻ ናት። አወረድኳት፣ አጠብኳት፣ ግማሽ እንጀራ አድርጌ ሽሮዬን ጨለፍኩባት። ያን ጊዜ የማስበው ስለ ግማሿ እንጀራ ነበር። የማን ሳህን እንደ ሆነች አላሰብኩም።

ጎረቤቴ ገብታ ስጽፍ አየችኝ። «ኧረ ጉድ! እኛ ለመወፈር ስንሳል አንቺ ለመክሳት ትጽፊያለሽ?» ብላ ሳቀች። ባለቤቴም ልጆቹን «ቀስ ብላችሁ ጉረሱ፣ ጸሐፊዋ ተቀምጣለች» ይላቸው ነበር። ሁላችንም ሳቅን። አማቴ አልሳቁም።

በሦስተኛው ቀን ብቻችንን ስንሆን ሳህኗን እያዩ ጠየቁኝ።

«ስስል ሰማሽኝ እንዴ?»

«ኧረ እማማ! ለእኔ ነው። ለክብደቴ። ነርሷ ናት ለብቻሽ ብይ ያለችኝ።»

«እሱማ ይገባኛል፣ ልጄ» አሉ። «እኔንም ሐኪሙ ነበር ያለኝ።»

ደብተሩን አመጣሁ። ማንበብ ስለማይችሉ እኔ አነበብኩላቸው፤ ግማሽ እንጀራ፣ ሁለት ማንኪያ ምስር፣ አንድ ድንች። አላስጨረሱኝም። «ጻፊ፣ ጻፊ፣ ምን አለበት» ብለው ወደ መደባቸው ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ ማዕድ ሲቀርብ «አስቀድሜ ቀማምሻለሁ» ማለት ጀመሩ። ቆይተውም ምግባቸው ከመደቡ ድረስ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ባለቤቴ ቀልዱን ተወ።

«እናቴን ከማዕድ አስነሣሻት» አለኝ።

«ከገና በኋላ እተወዋለሁ» አልኩት።

አላየሁም ማለት አልችልም። አይቻለሁ። ግን ሚዛኑ እየወረደ ነበር፤ ነርሷ «ጎበዝ!» ትለኝ ነበር፤ ጉልበቴ መታጠፍ ጀምሮ ነበር። ስእለት አለብኝ፣ ለእግዚአብሔር ብዬ ነው አልኩ። ለእግዚአብሔር ነው ካልኩ በኋላ የሴትዮዋን ፊት ማየት አላስቸገረኝም።

ገና ደረሰ። ከሕዝቡ ጋር እየተጋፋሁ፣ የድንጋዩን ግድግዳ በእጄ እየዳሰስኩ ወረድኩ። አለቀስኩ፣ አመሰገንኩ። ያን ምስጋና ዛሬም አልክደውም፤ እውነት ነበር።

ቤት ስገባ ደብተሩን እሳት ውስጥ ከተትኩት። ወጡን በትልቁ ትሪ አቀረብኩና ወደ መደቡ ሄድኩ።

«እማማ፣ ይነሡ። አልቋል። አብረን እንብላ።»

«እንኳን አደረሰሽ፣ ልጄ። ጉልበትሽ ተሻለሽ?»

«ተሻለኝ። ይነሡ እንጂ።»

«እሰይ። እናንተ ብሉ። እኔ እዚሁ ለምጃለሁ።»

ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፋቸው አቀረብኩ። በእጃቸው ተቀበሉኝና ከፊታቸው አስቀመጡት።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ስግደት አዘዙኝ። ጉልበቴ ደኅና ስለ ነበር ሁሉንም ሰገድኩ። አማቴን እንዲያናግሩልኝም ለመንኳቸው፤ መጥተው አናገሯቸው።

«ምን በድላኝ፣ አባቴ? ታበላኛለች፣ ታለብሰኛለች» ብለው መለሱላቸው።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖሩ። ቢቆጡኝ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር፤ አልተቆጡኝም። ድሮ አብረን ስንበላ ጨዉ አነሰ፣ በርበሬው በዛ እያሉ ይነዘንዙኝ ነበር። ከዚያ ገና ወዲህ ስለ ወጤ አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩም። በልተው ሲጨርሱ ሳህኑን ላነሣ ጎንበስ ስል፣ መንገደኛ ያሳደረውን ሰው እንደሚያመሰግን «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉኝ ነበር፤ በገዛ ልጃቸው ቤት። እኔም «አሜን» እል ነበር።