የመርማሪው እናት ኦቨን

ሊይዙኝ የመጡት ላሜራዎቹ እሳት ውስጥ እያሉ ነው። ሃርጌሳ ውስጥ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ባለችው ወርክሾፓችን የኦቨን የውስጥ ግድግዳ እንቀባለን። ቅቡ ኢናሜል ነው፤ ግን ሳህን ላይ እንደምናውቀው አያብረቀርቅም። ማንጋኒዝና ኮባልት ይገባበታል፣ ጥቁርና ሻካራ ነው። ሥጋ ሲጠበስ የሚፈናጠረውን ስብ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይመጥጡታል፤ ኦቨኑ ሲግል ደግሞ እዚያው ተቃጥሎ ይጠፋል። ታዲያ ላሜራው ሲሠራ ከእሳት ትንሽ ዘግይቶ ከወጣ ቅቡ ይቀልጥና ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ያኔ መጣል ነው።

"እነዚህን ላውጣና እንሂድ" አልኳቸው በሶማሊኛ። ከፖሊሶቹ አንዱ የሚንቀለቀለውን እሳት አይቶ ክንዴን ያዘኝ። ላሜራዎቹ እዚያው ቀሩ። መኪና ላይ ስወጣ ያናደደኝ ከመያዜ ይልቅ የእነሱ መበላሸት ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ናት። ግድግዳዋ እስከ ደረት አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ኖራ ነው። የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ የላብና የሳሙና ሽታ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰው ሲያየኝ ተነሳ። የማውቀው ልጅ ነው፤ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ቤት የሚገነባ ወጣት ግንበኛ።

"ጋሼ፣ እርስዎንም?"

"እኔንም።"

የተያዝንበትን ነገር ሁለታችንም እናውቃለን። ከአገር ቤት የመጡ የቀን ሠራተኛ ወገኖቻችን ከየመንገዱ እየታፈሱ ስለነበር፣ ምን እናድርግ ለመባባል ወርክሾፑ ግቢ ተሰብስበን ነበር። ይሄ ልጅ ተነስቶ ተናገረ። አንዱ በስልኩ ቀረጸው፤ ፊቱ አይታይም፣ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ቅጂው ከተማውን ዞረ። እኔ ያን ቀን አፌን አልከፈትኩም፤ ዓይኔ እሳቱ ላይ ነበር።

"የተናገረውን ሰው ነው የሚፈልጉት" አለኝ በሹክሹክታ። "ካወቁኝ በቶጎ ውጫሌ ድንበር ወደ አገር ይሸኙኛል። ሚስቴ አራስ ናት፣ ገና ከአልጋ አልተነሳችም። ከነሕፃኑ ሰው አገር ብቻዋን መቅረቷ ነው።" ጠጋ ብሎ "ጋሼ፣ ከጨነቀዎት ግን ይንገሯቸው። አልቀየምዎትም" አለኝ።

"አርፈህ ተቀመጥ" አልኩት። አንጀቴን በላው።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ድሬዳዋ ያደገ ጎልማሳ ነው፤ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። ጠረጴዛው ላይ በሻሽ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ፈታው። የኛ ላሜራ ነው፤ የገዛ እጄ ሥራ አይጠፋኝም። ግን መሐሉ እንደተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል።

"የእናቴ ነው። ራሱን ያጸዳል ብላችሁ ነው የሠራችሁላት። አቦ፣ ምኑን ነው የሚያጸዳው? ስቡ ይንጠባጠባል።"

"በምንድን ነው የሚያጥቡት፣ እርስዎ ቤት?"

"አቦ አንቱታውን ተወኝ! በሽቦና በሳሙና ነዋ። ለኢድ እንግዳ ይመጣል፣ ኦቨኑን ከፍቶ የሚያይ ሴት አይጠፋም። ጥቁሩን አይተው ቆሻሻ ነው እንዳይሏት ስትፈትገው ከረመች።"

ሳቄ መጣ፤ እሱም ፈገግ አለ። ስንት የሃርጌሳ እናት ይህንኑ አድርጋ መጥታብናለች። ንጹሕ ዕቃ ማብረቅ አለበት፤ ማን ሊያሳምናቸው!

"አይታጠብም" አልኩት። "ሽቦው ሻካራውን ይፍቀዋል፣ ሳሙናው ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሲቆሽሽ ባዶውን በኃይል ማጋል ነው፣ ሌላ ምንም አይፈልግም። ይሄኛው ግን አብቅቶለታል፤ አዲስ ነው የሚያስፈልጋት።"

"እንግዲያው ዛሬውኑ ወጥተህ ሥራላት። ኢንሻ አላህ ቤትህ ታድራለህ።" ስልኩን አወጣ። "የያዝናቸው ልጆች ድምፃቸው ሁሉ አንድ ሆነብኝ። ይሄ የማን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ።"

የግንበኛው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። "እኛም ሰዎች ነን። ሠርተን ነው የምንበላው። የያዛችሁት ሰው የት እንዳለ ለቤተሰቡ ንገሩ።"

መውጣት እጅግ አምሮኝ ነበር፣ አልዋሽም። ገላዬን ታጥቤ አልጋዬ ላይ መተኛት ታየኝ።

"የኔ ነው" አልኩት።

"ወላሂ ታስቃለህ። ይሄ የጎረምሳ ድምፅ ነው፤ ያንተ በኢናሜሉ ዱቄት ሻክሯል።"

"የኔ ነው።"

"እስቲ በለው እንግዲህ።"

ተነሳሁ። ማንም ተነስ አላለኝም፤ ተቀምጠው የሚሉት ነገር አልመሰለኝም።

"እኛም ሰዎች ነን" አልኩ። "ሠርተን ነው የምንበላው። የያዛችሁት ሰው የት እንዳለ ለቤተሰቡ ንገሩ።"

ስጨርስ የዋሸሁ አልመሰለኝም። የኔም ቤተሰብ የት እንዳለሁ አያውቅም ነበር።

መርማሪው ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። "ይሄ ነገር የሥራ ፈቃድህን ሊያሳጣህ ይችላል፣ ገባህ?"

"ገብቶኛል።"

ቃሌን እንደሰጠሁት ጻፈ። ከዚያ ላሜራውን በሻሹ መልሶ ጠቀለለና "እናቴ እንግዲህ ትታገሥ" አለ። አምኖኝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልጁን ከሌሎቹ ጋር ከሰዓት በኋላ ለቀቁት። ሲወጣ ዞሮ አላየኝም፤ እንዳትዞር ብዬው ነበር። እኔ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ያለ ክስ ለቀቁኝ፤ ፈቃዴን ለማሳደስ ግን ደጅ ስጠና ከረምኩ። ለመርማሪው እናት አዲስ ላሜራ ሠርቼ ልኬላታለሁ። እሷ ምን አደረገች!

ግንበኛው ከነቤተሰቡ እዚሁ ሃርጌሳ አለ። በደወለ ቁጥር "ጋሼ፣ ድምፄን በደህና ይዘውልኛል?" እያለ ይቀልድብኛል። እኔም ወገኖቻችን ሲሰበሰቡ ዳር መቆም ትቻለሁ። ተነስቼ እናገራለሁ፤ ስልክ ደግኖ የሚቀርጽ ካየሁም ፊቴን እንዲያስገባው እነግረዋለሁ።