የሙሽራዋ ሳጥን ጠርዝ

በደርግ ጊዜ ቆቦ ውስጥ በአናጢዎች ማኅበር እሠራ ነበር። የእንጨት ጠርዝ የሚያስጌጥ አንድ አሮጌ ማሽን ነበረን፤ በናፍጣ ሞተር የሚዞር፣ ምላጩ እየተፈታ የሚቀያየር። እሱን ከማስነሣቴ በፊት ምላጩን ደጋግሜ አጠብቃለሁ። ምላጩ በደንብ ካልጠበቀ ይወረወራል፤ ወይም እንጨቱን ይገነጥለዋል።

አንድ ቀን ከሮቢት አንዲት ባልቴት የዋንዛ ጣውላ በአህያ አስጭነው መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ከእናታቸው የወረሱትን ሳጥን በድርቁ ጊዜ በማሽላ ለውጠውታል። አሁን ልጄ ያለ ሳጥን አትወጣም ብለው የግቢያቸውን ዛፍ አስቆርጠዋል።

«ክዳኑ ዙሪያውን እንዲህ ነበር» አሉና በጣታቸው አየር ላይ አሳዩኝ፤ ከላይ ድቡልቡል፣ ከሥሩ ጎድጎድ ያለ።

እንዲህ አድርጎ የሚያወጣ ምላጭ አልነበረንም። አንዱ ያድበለብላል፣ ሌላው ያጎደጉዳል፤ ሁለቱንም የሚሠራ የለም።

«እማማ፣ ድቡልቡሉ ብቻ ቢሆንስ? ጣውላው ቢበላሽ ምትክ የለውም» አልኳቸው።

«እሱማ የማንም ሳጥን ነው» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እምቢ ማለት አቃተኝ።

አብሮኝ የሚሠራው አናጢ ከአላማጣ የመጣ፣ በዕድሜም የሚበልጠኝ ሰው ነበር። ጣውላውን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ሁለት ምላጭ ካለፈበት ጠርዙ ይሳሳል» አለ።

«የትኛውን ላስቀድም፣ አያ?»

«የሚያጎደጉደውን። እንጨቱ ገና ወፍራም ሳለ ይለፍ።»

በቁራጭ እንጨት ሞከርኩ፤ ተሰነጠቀ። ምላጩን ስዬ፣ ጥቂት ብቻ እንዲነክስ አድርጌ ደገምኩ፤ አሁን ወጣልኝ።

ክዳኑን ስገፋው የመጀመሪያው ምላጭ በሰላም አለፈ። ሁለተኛውን አጋምሼ ሳለሁ ግን ሞተሩ ይንተፋተፍ ጀመር፤ ናፍጣው ቆሻሻ ነበረበት። ምላጩ ዘገም አለና እንጨቱን ነከሰው።

«ሳበው!» ብሎ ጮኸ ባልደረባዬ።

ስስበው ስንጣሪ ተገንጥሎ ወደቀ። ሁለታችንም ሰጋቱራው ውስጥ ተንበርክከን ፈለግነው፤ አገኘነው። በኮላ ለጥፈን በገመድ አሠርነው። በማግሥቱ ናፍጣውን አጥልለን፣ ቀሪውን በስሱ በስሱ አወጣሁት።

ባልቴቷ መጥተው ጣታቸውን በክዳኑ ዙሪያ አስኬዱ። የተለጠፈው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ተገንጥሎብኝ ለጥፌዋለሁ፣ እማማ።»

«ይለቅ ይሆን?»

«አይለቅም» አልኩ፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

የተለጠፈውን አልፈው ዙሪያውን ጨረሱ። «የእናቴ ነው፤ ራሱ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ሳጥኑ ወደ ሙሽራው አገር ወደ ጎብዬ በጭነት መኪና ተወሰደ። በዚያ መንገድ ሲንገጫገጭ ኮላው ይለቅ ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ። ከሠርጉ በኋላ ሙሽራዪቱን ቆቦ ገበያ አገኘኋት።

«ሳጥንሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። አማቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ክዳኑን ያሳያሉ።»

«የተለጠፈውስ?»

«የቱ ጋ?» አለችኝ።

ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።