ኢስተሂልና ሰማንያው መኪና አሸዋ

ኢስተሂል መኪና መንዳት አትችልም። መንጃ ፈቃድ ቀርቶ ብስክሌት ነድታ አታውቅም። ግን ጅጅጋ ውስጥ የሐጂ ዐቦኮር ስምንት ገልባጭ መኪኖች ያለ እሷ ስልክ ከቆሙበት ንቅንቅ አይሉም።

ሥራውን የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መኪኖቹ የሚያድሩበት ግቢ በር ላይ ሻይ ትሸጥ ነበር። ሾፌር ሁሉ እሷ ጋ ስለሚቀመጥ፣ ማን ጎማ እንደፈነዳበት፣ ማን ከሚስቱ ተጣልቶ እንዳረፈደ ከሐጂ ቀድማ ታውቃለች። ሐጂም አንድ ቀን ሰለቻቸውና፣ "እየመጣሁ አንቺን ከምጠይቅ አንቺው አሰማሪያቸው" ብለው ስልክ ሰጧት። ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ማን መቼ እንደሚጭን፣ የት እንደሚያራግፍ የምትወስነው እሷ ሆነች። ሁለት ልጆቿን ያስተማረችው በዚሁ ስልክ ነው።

ባለፈው መጋቢት ግን ስልኩ ከእጇ ሊወጣ ነበር። ሐርተሼክ ከተማ ለሚሠራ ትምህርት ቤት ሰማንያ መኪና አሸዋ በስድስት ቀን ሊያደርሱ ሐጂ ተዋዋሉ። ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ጎርፍ አንዴ ከወረደ ወንዙ ውስጥ መኪና አይገባም። ሐጂ ጨነቃቸውና ፋኑኤልን ቀጠሩ። ፋኑኤል የከተማው ልጅ ነው፤ አያቱ በውትድርና መጥተው እዚሁ ቀርተዋል። የተማረው ኦፕሬሽንስ ሪሰርች የሚባል ትምህርት ነው፤ ያለውን መኪና፣ መንገድና ሰዓት በሒሳብ አስልቶ ምንም ሳይባክን ማሠራት።

"ስምንት መኪና በቀን ሁለት ምልልስ፣ አሥራ ስድስት። በአምስት ቀን ያልቃል" አለ ኮምፒውተሩን እያዞረ።

"ይሄ ኮምፒውተር ጅጅጋ ኖሮ ያውቃል?" አለች ኢስተሂል።

"ኮምፒውተር የትም አይኖርም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ስለ እኛ ማን ነገረው?"

ሐጂ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። "ስሚ፣ የልጁ ዕቅድ ከሠራ ስልኩን ታስረክቢዋለሽ። ካልሠራ ውሉ ይፈርሳል፤ መኪኖቹን ሸጬ ሁላችንም ቤታችን እንገባለን።"

እንግዲህ ይታያችሁ። ቢሳካም ጉዷ፣ ባይሳካም ጉዷ።

በመጀመሪያው ቀን አፏን ዘግታ ዋለች። እውነቱን ለመናገር ዕቅዱ ጥሩ ነገር ነበረው። ድሮ ስምንቱም ሾፌሮች አንድ ላይ ወንዙ ይወርዱና አሸዋ በሚጭንላቸው አንድ ሎደር ሲጣሉ ጠዋቱ ያልቃል። ፋኑኤል በሃያ ሃያ ደቂቃ ልዩነት ሲያሰልፋቸው ጭቅጭቁ ጠፋ። ኢስተሂል ወደደችው፤ ግን ለማን ብላ ትናገር!

መኪኖቹ አራግፈው ሲመለሱ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ከአወዳይ ጫት የሚገባበት ሰዓት። ኮምፒውተሩ ሁለተኛውን ምልልስ ሲቆጥር ሾፌሮቹ ጫማቸውን አውልቀው ጥላ ሥር ተጋድመዋል።

"ሁለተኛው ጭነትስ?" አለ ፋኑኤል እያለከለከ።

አንጋፋው ሾፌር ዋርሳሜ በጫት የተወጠረ ጉንጩን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "ዋሪያ፣ አንተ ልጅ፣ ጭነናል እኮ!"

ፋኑኤል ፊቱ ጠቁሮ ወደ ኢስተሂል መጣ። "እትዬ፣ ያውቁ ነበር አይደል?"

"ስድስት ዓመት ሙሉ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"የጎማውን ንፋስ እንኳ ጠይቀህ ጽፈሃል። ስለ ሾፌሩ ጉንጭ መቼ ጠየቅከኝ?"

ማታውኑ ወደ ጫት ሻጯ ሳዳ ደወለች። የሐጂ ሾፌሮች ከሳዳ ሌላ ከማንም አይወስዱም፤ የእያንዳንዱን ዓይነት ለይታ በስሙ የምትጠቀልል እሷ ናት።

"ሳዳ፣ ከነገ ጀምሮ የሾፌሮቼን ጫት በሚኒባስ ሐርተሼክ ላኪው።"

"አብደሻል? ይገድሉኛል!"

"ማን ጊዜ አለው? ሲከተሉት ይውላሉ።"

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ዋርሳሜ እየተቆጣ መጣ። "እዶ፣" አላት፤ ሾፌሮቹ እንደ አክስት ነው የሚጠሯት፤ "ጫታችን የት ገባ?"

"ሐርተሼክ፣ ማራገፊያው ዘበኛ ጋ። አሸዋ ላልያዘ እንዳይሰጥ ብያለሁ።"

"ወላሂ ይሄ ግፍ ነው!"

"ክሰሰኛ። ቅጠሉ ግን እየጠወለገ ነው።"

ዋርሳሜ ወደ መኪናው ሮጠ። ያን ቀን ሎደሩ እንኳ አልደረሰባቸውም። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አሥራ ስድስተኛው መኪና አራገፈ። ሾፌሮቹም ቅመው እዚያው አደሩና ሊነጋጋ ሲል ባዶ መኪናቸውን ይዘው ተመለሱ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰማንያኛው መኪና በስድስተኛው ቀን፣ ቀትር ሳይሆን አለቀ።

ሐጂ ሁለቱንም ጠሩ። "ዕቅዱ ሠርቷል። ቃሌ ቃል ነው፤ ስልኩን ስጪው።"

ኢስተሂል ሳታንገራግር ሰጠችው። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

"እዶ፣ ጨርሰናል። የዛሬው ጫት ሐርተሼክ ነው ጅጅጋ?" ዋርሳሜ ነው።

"እ... ዕቅዱ ላይ..." ፋኑኤል ኮምፒውተሩን አየ። የዛሬውን ኢስተሂል ሆን ብላ ለማንም አልነገረችም። ስልኩን ዘጋው፤ ሌላ ሾፌር ደወለ። ከዚያ ዘበኛው። ከዚያ ሳዳ፣ እየጮኸች።

ኢስተሂል ነጠላ ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ደርሳለች።

"ሐጂ፣" አለ ፋኑኤል ላቡን እየጠረገ፣ "ሰዓቱን እኔ ላስላ። ስልኩን ግን እሳቸው ይያዙ።"

"ለሁለት ሰው ደመወዝ?"

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሐጂ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ኢስተሂል፣ ነይ ውሰጂው! የሁለታችሁንም እከፍላለሁ፤ ብቻ መልሺላቸው!"