በጎመን የተሰመረች መስመር

አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለ ሐበሻ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኜ ስንት ጉድ አይቻለሁ፤ እንደ ሁለቱ ረጃጅም አሜሪካዊ ሽማግሌዎች ያለ ግን አልገጠመኝም። እሑድ እሑድ ከባልድዊን ሂልስ ሰፈር በአንድ መኪና መጥተው አንድ በያይነቱ ያዛሉ። ከዚያ ጢማሙ ጎመኑን በማንኪያ ጎትቶ ትሪውን መሃል ለመሃል ይከፍለዋል። ከመስመሩ የሚያልፍ እጅ የለም።

አንድ ቀን አላስቻለኝም። "እኛ ጋ እኮ አንድ ትሪ የሚቀርበው አብሮ ለመብላት ነው" አልኳቸው።

ራሰ በራው ሳቀ። "ባስኬትቦል እንጀራችን መሆን ሲጀምር እኔና እሱ በአንድ ቡድን እንደ ወንድማማች ነበርን። አለቆቻችን ግዙፍ ተጫዋች ፈለጉና እኔን ለባላንጣ ቡድን ሰጥተው በምትኬ የእነሱን ግዙፍ አመጡ። ገና በመጀመሪያው ግጥሚያ ይሄ ወንድሜ ያልኩት ሰውዬ በክርኑ ጥርሴን አወለቀው።"

"ሊያልፈኝ ሲል ነዋ!" አለ ጢማሙ።

ባለፈው እሑድ ጢማሙ ብቻውን መጣ። ጓደኛውን መቅበሩን ነግሮኝ ያንኑ አዘዘ፤ መስመሩን አሰመረ፣ የራሱን ወገን ጨረሰ።

"ዛሬ እኮ ሁሉም የእርስዎ ነው፣ ይብሉ እንጂ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ መስመሩን በእንጀራ ጠቅልሎ ጎረሰው። ያኛውን ወገን ግን አልነካም።