ፈጣሪና ፍጡር በእንግሊዝኛ

ልጅ እያለሁ እንግሊዝኛ ከግቢያችን በር ውጭ የሚቀር ነገር ነበር። አባቴ ጎንደር ውስጥ የአንድ ደብር የቅኔ መምህር ነበሩ። ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ጋር ስለሚጎራበት ጠዋት ጠዋት የጽዱ ሽታና የተማሪዎቹ ዜማ አብረው ይገቡብን ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በተከፈተው ትምህርት ቤት እንድማር የፈቀዱት እናቴ ስለለመነቻቸው እንጂ አምነውበት አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ቁርጡን ነገሩኝ።

«ይበቃሻል ልጄ። አዲስ አበባ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ።»

እኔ ግን ኮሌጅ መግባት እፈልግ ነበር። ማትሪክ ሲቃረብ ህንዳዊው የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳውን በቃላት ይሞላዋል፤ እኛም እንደ ዳዊት እንሸመድደዋለን። ከጓደኛዬ ከሙሉ ጋር ቀሃ ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን ቅልብልቦሽ እየተጫወትን እንጠያየቅ ነበር፤ ጠጠሩ ያመለጣት ቃል ትፈታለች። ያን ያህል አድገን በጠጠር መጫወታችን ራሳችንን ያስቀን ነበር። ችግሩ፣ ማታ የያዝነው ጠዋት አይገኝም። ቃላቱ ገበያ ላይ እንደሚተላለፍ ሰው እርስ በርስ የማይተዋወቁ ይመስሉን ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ስንዴ እየለቀምሁ «ክሪኤት፣ ፈጠረ። ክሪኤተር፣ ፈጣሪ። ክሪኤሽን፣ ፍጥረት» እያልሁ ሳነበንብ ለካ አባቴ ከኋላዬ ቆመው ይሰሙኛል። ደንግጬ ወደ ስንዴው አቀረቀርሁ።

«ምነው አቆምሽ? ድገሚው» አሉኝ።

ደገምሁት።

«ፍጡርስ?»

«ክሪቸር።»

አባቴ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው በራ። «እነዚህማ የአንድ ግስ ልጆች ናቸው። እኛ ቀደሰ ብለን ቅዱስ፣ ቅዳሴ፣ መቅደስ እንደምንለው ነው እኮ። ታዲያ ለምን አንድ በአንድ ትለቅሚያቸዋለሽ? ግሱን ያዢ፤ ግሱ ከተያዘ ዘሩ ተከትሎ ይመጣል።»

ከዚያ ወዲያ ጥናቱ ጨዋታ ሆነ። ሙሉ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እኛ ቤት ትመጣለች። አባቴ አንድ ግስ ይጠሩልናል፤ እኛ እንግሊዝኛውን እስከነዘመዶቹ ለማምጣት እንሽቀዳደማለን። «ለየ» ሲሉ «ሴፓሬት፣ ሴፓሬሽን» እያልን እንጮሃለን። አንድ ቀን «አሉታውስ በምን ይወጣል?» ብለው ጠየቁን፤ ሁለታችንም አናውቅም። በማግስቱ መምህራችንን ብንጠይቀው ደስ ብሎት ከቃሉ ፊት እየገቡ «አይደለም» የሚያሰኙትን፣ «አን»ንም «ኢን»ንም፣ ሁሉ አስረዳን። ያን ዕለት እየሮጥሁ ነው ቤት የደረስሁት፤ ቀድሜ ለአባቴ ልነግራቸው።

ፈተናው ላይ ከንባቡ መካከል አንድ ረጅም ቃል ተጋረጠብኝ፤ «ኢንሴፓረብል» ይላል። አይቼው አላውቅም። ደግሜ ሳየው ግን ፊቱ ላይ አሉታው፣ መካከሉ ላይ «ለየ» ተቀምጧል። የማይለያይ ማለት ነው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል አፌን በነጠላዬ ያዝሁ።

ክረምት ላይ ውጤቱ ሲመጣ ሁለታችንም አልፈን ነበር። ሙሉ እዚያው ጎንደር ጤና ትምህርት ቤት ገባች። እኔ የደረሰኝ አዲስ አበባ ነበር፤ ለአባቴ ነግሬ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። ጎረቤታችን አያ ደስታ ሊመርቁኝ መጥተው ስለነበር፣ «የኔታ፣ ሴት ልጅ ያን ሁሉ አገር ብቻዋን እንዴት ትሄዳለች?» አሏቸው።

«እኔ አደርሳታለሁ» አሉ አባቴ።

ማኪና ተሳፍረው የማያውቁት ሰው ጎጃምን አቋርጠው፣ የዓባይን በረሃ ከእኔ ጋር ወረዱ። አንድ ማደያ ስንደርስ እንግሊዝኛውን ጽሑፍ በመቋሚያቸው አመለከቱኝ።

«ምን ይላል?»

«ሰርቪስ፤ አገልግሎት ነው፣ አባባ።»

«ግሱስ?»

«ሰርቭ።»

«አገልጋይስ?»

«ሰርቫንት።»

ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማን ይስቅ ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ያየነውን ጽሑፍ አንዱንም ሳይጠይቁ አላለፉም።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ጎንደር መጥቷል። ማራኪ በሚባለው ግቢው በኩል ሳልፍ ሴቶቹ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ይተላለፋሉ፤ ማንንም ማስፈቀድ፣ ማንንም ማሳመን አላስፈለጋቸውም። እሰየው፣ ሸጋ ነው እላለሁ። አንዳንዴ ብቻ፣ ትምህርት ቤቱ እንዲህ ደጃቸው ድረስ በመምጣቱ ከአባታቸው ጋር ያን ያህል ረጅም መንገድ ሳይሄዱ መቅረታቸው ቅር ይለኛል።